የሰርቨር ሶፍትዌር ቆጠራ፦ ኤጀንት ይሻላል ወይስ ከሩቅ ስካን?

ደሴ ዋና ቢሮ፣ ወልድያና ከሚሴ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት የሰርቨር ሶፍትዌሩን በኤክሴል ቆጥሮ አይዘልቀውም። ሞክሬዋለሁ። የመጨረሻው መስመር ሳይሞላ የመጀመሪያው ያረጃል።

አንዱ አማራጭ ኤጀንት ነው። ኦሲኤስ ኢንቬንተሪና ጂኤልፒአይ የተባሉት የቆጠራ ሶፍትዌሮች በየሰርቨሩ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም (ኤጀንት) ይጫንላቸዋል፤ እሷ ያለውን ቆጥራ ወደ ዋናው የቆጠራ ሰርቨር ትልካለች። ሁለቱም ኦፕን ሶርስ ናቸው። ጂኤልፒአይ ከ10ኛው እትሙ (2022 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለ ተጨማሪ ፕለጊን ቆጠራውን ራሱ ይቀበላል። ክፍያ የለም ማለት ግን ወጪ የለም ማለት አይደለም። ሊኑክስ የሚያውቅና ጊዜ ያለው ሰው ያስፈልጋል።

ሌላው ከሩቅ ስካን ማድረግ ነው፤ አንድ ማሽን በኔትወርክ እየዞረ የሌሎቹን ይቆጥራል። ላንስዊፐር የተባለው ሶፍትዌር ይበልጥ የሚታወቀው በዚህ ነው፣ ኤጀንትም ቢኖረው። ሰርቨሩ ላይ ምንም አይጫንም። ግን የአድሚን ፓስዎርድ ይፈልጋል። ለሊኑክስ ፖርት (የኔትወርክ በር) 22 ይበቃዋል። ለዊንዶውስ ግን 135 ብቻ አይበቃም፣ ከ49152 እስከ 65535 ያሉትም ይጠየቃሉ። ይህን ሁሉ ክፈትልኝ ብሎ የፋየርዎሉን ሰው መለመን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

እኛ ጋ ስካኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲሠራ ተደረገ። መብራት ሲሄድ የቅርንጫፉ ጄኔሬተር ማታ ስለሚጠፋ ሰርቨሩም አብሮ ይተኛል። ሪፖርቱ ደጋግሞ «አልተገኘም» አለን። ኤጀንት ቢሆን ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ ራሷ ትልክ ነበር። ኔት ከሌለም በጂኤልፒአይ ኤጀንት ውጤቱን ፋይል አድርጎ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል።

በሌላ በኩል ኤጀንት ያልተጫነችበትን ማሽን አታውቅም። ደረጃ ሥር የተቀመጠውን፣ ሲኒ የተደረደረበትን አሮጌ ዴስክቶፕ ያጋለጠው ስካን ነው። ለካ ኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ) ተጭኖበት ሥራ ላይ ነበር!

ሻጭ ሲመጣ ውብ ውብ ግራፉን ትታችሁ ይህን ጠይቁት፦ የሶፍትዌሩን ዓይነት (ኤክስፕረስ፣ ዴቨሎፐር ወይስ ስታንዳርድ) ለይቶ ያሳያል ወይ? «ኤስኪውኤል ሰርቨር አለ» የሚል መስመር ለላይሰንስ ምንም አይጠቅምም። ኤክስፕረስ ነፃ ነው። ዴቨሎፐርም ነፃ ነው፣ ግን እውነተኛ ሥራ ላይ ማዋል ክልክል ነው። ስታንዳርድ በፕሮሰሰር ኮር ቁጥር ሲገዛ ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር ለተፈጠረ ኮምፒውተር) ቢያንስ 4 ኮር ይከፈልበታል። ጃቫም እንዲሁ ነው። ኦፕንጄዲኬ የተባለው ጃቫ ነፃ ነው፤ የኦራክል ጃቫ ደንበኝነት ግን ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰላው በጠቅላላ ሠራተኛ ቁጥር ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ከታር ፋይል (ከታሸገ ፋይል) ተፈትቶ የተቀመጠ ፕሮግራም ሲስተሙ በሚይዘው የተጫኑ ፓኬጆች ዝርዝር ውስጥ አይታይም። መሣሪያው ፎልደር ውስጥ ገብቶ ካልፈለገ አለቀ፣ አያገኘውም።

ሁሉም ሰርቨር ኮምቦልቻ አንድ ሕንፃ ውስጥ ከሆነ፣ አብሽሩ፣ ስካን ይበቃችኋል። ቅርንጫፍ ካላችሁ ግን እኔ ኤጀንት እመርጣለሁ። በየሦስት ወሩ፣ በሥራ ሰዓት፣ አንድ ስካን እጨምርበታለሁ።