የካ አባዶ ያለችው ፊልም ቤትና የግምት ደብተሯ

"ዳርክ" የሚባለውን የጀርመን ተከታታይ ፊልም ገና ያላያችሁ ካላችሁ፣ ከታች ምስጢሩን ስለምነካ ስለ ሱቋ የጻፍኩትን ብቻ አንብቡና ፍላሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የቀረውን ፊልሙን ስትጨርሱ ትመለሱበታላችሁ።

ሱቋ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናት፣ ከአንዱ ብሎክ ሥር፣ ከአትክልት ቤት ጎን። ጠባብ ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ የቱርክና የኮሪያ ተከታታዮች ዝርዝር። ፍላሽ ለሚሠራው ልጅ ትሰጣላችሁ፣ ፊልም ይጭንላችኋል፣ ከፍላችሁ ትሄዳላችሁ። እንዲህ ዓይነት ቤት በየሰፈሩ አለ። እኔን የሚያመላልሰኝ ግን ባንኮኒው ላይ ያለው ጥቁር ሽፋን ደብተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይንስ ፊክሽን ከሆነ ልጁ ሁሉንም ሲዝን ባንዴ አይጭንም። አንደኛውን ጨርሳችሁ ስትመጡ ደብተሩን ይገልጥና "ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?" ይላል። ግምታችሁን ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ይጭናል። የመጀመሪያ ቀን በጣም ነበር የተናደድኩት፤ ከመገናኛ ጀምሮ ታክሲ ላይ ታጭቄ መጥቼ፣ እንቅልፌን አጥቼ የምጠብቀውን ፊልም "መጀመሪያ ጻፍ" ሲለኝ ትቼው ልሄድ ምንም አልቀረኝም። ግን ጻፍኩ። ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ ሌሎቹ የጻፉትን ሳላነብ መውጣት አልቻልኩም።

"ዳርክ" ለዚህ የተፈጠረ ነው። ከ2017 እስከ 2020 በፈረንጆቹ በኔትፍሊክስ የወጣ፣ ሦስት ሲዝን፣ 26 ክፍል። ዊንደን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከኑክሌር ማመንጫው አጠገብ ባለ ጫካ ውስጥ ዋሻ አለ። ሚኬል የሚባል ልጅ በ2019 ይጠፋና በ1986 ይገኛል። እዚያው ያድጋል፣ ያገባል፣ ዮናስ የሚባለውን ዋና ገጸ ባሕርይ ይወልዳል። እኔ ደብተሩ ላይ "ዮናስ ሚኬልን ወደ ዘመኑ ይመልሰዋል" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ከኔ በላይ አንድ ሰው በጥሩ የእጅ ጽሑፍ "አባትየው ከተመለሰ ልጁን ማን ይወልደዋል?" ብሎ አስፍሯል። ቤቴ እስክደርስ እሷን መስመር ሳሰላስል ነበር። ሁለተኛው ሲዝን ላይ ዮናስ አባቱ ራሱን እንዳያጠፋ ሊያስቆመው ወደ ኋላ ሄዶ፣ ሐሳቡን የሰጠው እሱ ራሱ ሆኖ ሲገኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። ያ ሰው ገና ከአንደኛው ሲዝን ገብቶታል ማለት ነው።

ደብተሩ ውስጥ በጣም የምወደው ግን የ33 ዓመቱ ክርክር ነው። ፊልሙ ላይ 1953፣ 1986 እና 2019 በ33 ዓመት ይራራቃሉ፤ ምክንያቱ ደግሞ የጨረቃና የፀሐይ ዑደት በየ33 ዓመቱ ስለሚገጥም ነው ይላሉ። አንድ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ስሌት፣ የተማሩ ጋሼ "ይህ ስሕተት ነው፣ ጨረቃ ወደ ቦታዋ የምትመለሰው በ19 ዓመት ነው" ብለው ይህን የ19 ዓመት ዑደት፣ ዐውደ አበቅቴን፣ ከነስሌቱ ጽፈዋል። እውነታቸውን ነው፣ 19ኙን ዓመት እኛም በዓል የምናወጣበት ነው። ከሥር አንዲት ልጅ መለሰችላቸው። "ጋሼ፣ ይቅርታዎን። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፣ የፀሐይ 365። ልዩነቱ 11 ቀን ነው። 11 በ33 ሲባዛ 363 ይመጣል፣ አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ለዚህ ነው ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ ዞሮ እዚያው ወቅት ላይ የሚመጣው።" ጋሼም ተመልሰው መጥተው ከሥሯ "11 የኛም ጥንተ አበቅቴ ናት፣ ተባረኪ ልጄ" ብለው ጽፈዋል። ይህን ሳነብ ቆሜ ነበር፣ በርጩማ ሳብኩና ተቀመጥኩ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ 19ኙ ጨረቃና ፀሐይ አንድ ላይ ለሚቆጠሩበት፣ 33ቱ የጨረቃ ዓመት ለብቻው ለሚዞርበት። የፊልሙ ሰዎች ቁጥሩን ዝም ብለው እንዳልመረጡት የገባኝ ከዚህች ገጽ ነው።

ፊልሙ ላይ እናትና ልጅ የሆኑት የሻርሎትና የኤልሳቤጥ ጉዳይ ሁለት ገጽ ሙሉ የዘር ሐረግ ተሥሎለታል። እናቲቱ የልጇ ልጅ ናት። በቀይ እስክሪብቶ የተሠመረው ቀስት ዞሮ ራሱ ላይ ሲገባ ታዩታላችሁ።

አሁን ጉድለቱን ልናገር። መጀመሪያ የተጫነልኝ በእንግሊዝኛ የተተረጎመ ድምፅ ያለው ነበር፤ የተዋናዮቹ ድምፅ ሲቀየር ፊልሙ ግማሽ ሕይወቱን ያጣል። ጀርመንኛውን ከሰብታይትል ጋር ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ሲዝን ላይ ደግሞ የአንዱ ክፍል ሰብታይትል ከንግግሩ እየቀደመ አስቸግሮኝ ነበር። መልሼ ስወስደው ልጁ ሳይነጫነጭ አስተካከለልኝ፣ ገንዘብም አልጠየቀኝም። እሑድ ከሰዓት መሄድ ግን አልመክርም፣ ወረፋው በረንዳውን ያልፋል። መብራት ከሌለም ዝም ብላችሁ ተመለሱ።

የማመሰግነው ትልቁ ነገር የልጁን አፍ ነው፣ ምስጢር አያወጣም። ሦስቱንም ሲዝን አይቷል። ፊልሙ ላይ አዳም የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ ለሁለት ሳምንት ስነዘንዘው ፊቱ እንኳ አልተነበበም። ሌላ ቦታ የሚጭንልኝ ልጅ የአንድ ሌላ ተከታታይ መጨረሻ ፍላሹን እየነቀለ ነግሮኝ ያውቃል፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ሦስተኛውን የጨረስኩት ባለፈው ሳምንት ነው። የመጨረሻው እራት ላይ ፖሊሱ ዎለር ዓይኑ ምን እንደሆነ ሊናገር አፉን ሲከፍት መብራት ይጠፋል፣ ሳይናገር ይቀራል። በበነጋታው ሱቋ ሄድኩ። ልጁ ምንም ሳይለኝ ደብተሩን ገለጠው፤ "የዎለር ዓይን" የሚል ርእስ አለ፣ ከሥሩ አሥራ አራት ግምት። አሥራ አምስተኛውን ጽፌ ወጣሁ።