እንዶድና ጤና አዳም ለወሊድ መከላከያነት፦ የገበያው ዱቄት ሲገመገም

በብጣሽ ወረቀት ተጠቅልሎ «እርግዝና ይከላከላል» ተብሎ የሚሸጠው የእንዶድና የጤና አዳም ዱቄት ትልቁ ጉድለቱ ልክ የሌለው መሆኑ ነው። የአንዷ ሻጭ ጭብጥ የሌላዋ እጥፍ ነው፤ ያልበሰለ የእንዶድ ፍሬ ደግሞ ከበሰለው ይበረታል።

እንዶድን ውሃ ውስጥ ስትመቱት አረፋ የሚደፍቀው ሳፖኒን የተባለ እንደ ሳሙና የሚያረፋ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ነጠላ የሚያነጻው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቀንድ አውጣ ሲገድል ያዩት ይኸው ነው። ሲጠጣ አንጀት ይቆጣል፤ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል። በሰው ተፈትኖ የጸደቀ የመከላከያ መጠን የለውም።

ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ሲደረግ ሌላ ነገር ነው። በብዛት ተፈልቶ ሲጠጣ ግን ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል፤ እርጉዝ ላይ ደም ያፈሳል።

«ለእኔ ሠርቶልኛል» የሚለው ምስክርነት ብዙ አሳስቷል። ምንም ሳይጠቀሙ አንድ ዓመት ከሚቆዩ 100 ሴቶች 15 ያህሉ አያረግዙም፤ ምስጋናውን ቅጠሉ ይወስዳል።

በአንጻሩ በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ፣ ኢምፕላኖን፣ 3 ዓመት ይሠራል፤ በዓመት ከ100 ተጠቃሚዎች አንዷም አታረግዝም። የመርፌው ጊዜ 3 ወር ነው፤ ቀጠሮ ሲያልፍ ይከዳል። ድንገተኛው የመከላከያ ኪኒን፣ ፖስትፒል፣ ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፤ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ። አሜሪካ ያላችሁ ልብ በሉ፦ ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው የዕፅዋት እንክብል የኢምፕላኖንንም የኪኒንንም ኃይል ይቀንሳል።

ዱቄቱን ጠጥታ የምታስታውክ ወይም የምትደማ ሴት ካለች፣ የተረፈውን ከነወረቀቱ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ አድርሷት።