አባዬ «ውጭ» ሲል የገባት ልጅ

የዚህችን አስተርጓሚ ልጅ ስም አልጽፍም፤ «ስሜን በአደባባይ እንዳትጽፊ» ብላኛለች። ሲልቨር ስፕሪንግና ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ የሚያስፈልጋችሁ፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። እሷን ነው የምነግራችሁ።

አባዬ አገር ቤት ሳለ ውስጥ እግሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣችበት። አንዱ ቦታ ኪንታሮት ነው ብለው ቆረጡለት። የቆረጡትን ሳያስመረምሩ ጣሉት! ሌላው ቦታ ቅባት ሰጡት። እኛም ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም ብለን ተኝተናል። ቦብ ማርሌን እ.ኤ.አ. በ1981 ገና በ36 ዓመቱ የቀጠፈው፣ ከእግር ጣቱ የተነሳው ይኸው ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ሲያወጣ መንገድ ስለበዛብኝ ነው አለ። እዚህ መጥቶ ሲታይ ሳንባውና ጉበቱ ጋ ደርሷል።

በየ3 ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ ኪትሩዳ የሚባል መድኃኒት ጀመሩለት። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ጂሚ ካርተርም ካንሰሩ ወደ ጉበቱና ወደ ጭንቅላቱ ሄዶበት፣ ይህንኑም ወስዶ እስከ 100 ዓመቱ ኖሯል አልኩት። «ያ በደርግ ጊዜ የነበረው?» ብሎ ተጽናና።

ፍዳችን አስተርጓሚ ነበር። አንድ ቀን እኔ ሥራ ላይ ሆኜ፣ አባዬ አቀርቅሮ «ሰሞኑን ውጭ መመላለስ አበዛሁ» ይላል። በስልክ የሚያስተረጉመው ሰውዬ «ከቤት እየወጣ ይንሸራሸራል» ብሎ ተረጎመው። ሐኪሟም ጎበዝ፣ በርታ አለችው። እዚህ የተወለደው የወንድሜ ልጅ ማታ «አያቴ ዎክ ያበዛል» ብሎ ሲነግረኝ እኔም ደስ አለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ይህች ልጅ በአካል መጣች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው። አባዬ አሁንም «ውጭ» አለ። ላጣራ ብላ ሐኪሟን አስቆመቻት።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሽንት ቤት ማለትዎ ነው? በቀን ስንቴ?»

«ኧረ ተይኝ ልጄ... ስምንቴም ዘጠኜም።»

አላፈረችም፣ አላሳፈረችውም። ሐኪሟ ከወንበሯ ተነሳች። የዚያኑ ዕለት አስተኙት። ለካ መድኃኒቱ አንጀቱን አስቆጥቶበት ኖሯል። ቁጣውን የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ሰጡት፤ ከዚያ በላይ ያለውን አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። ኪትሩዳ የሰውነትን መከላከያ ነው የሚያነቃው ብለው ሲያስረዱት አባዬ «አሃ፣ የታሰረውን ውሻ ፈታችሁት፤ የቤቱን ሰውም ነከሰ» አለ። ልጅቷ አንድም ሳታስቀር ተረጎመችው። ሐኪሟ በሳቅ ሞተች።

ወገኖቼ፣ ሐኪም ቤት ለአስተርጓሚ አትከፍሉም። ቀጠሮ ስትይዙ በአካል የሚመጣ የአማርኛ አስተርጓሚ በሉ። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። እሷ ከተገኘች እሷን። ደግሜ እላለሁ፣ እሷን!

ኪትሩዳው ቢቆምም፣ ባለፈው ምርመራ ሳንባው ላይ ያለው ቀንሷል ተባልን። ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም ብትለውም አባዬ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ድፎ ካልተደፋልኝ እያለ ነው።