ባሮሎ ወይስ ብሩኔሎ? ለዓመታት የሚቀመጥ የጣሊያን ቀይ ወይን ለሚገዙ

ለዓመታት አስቀምጦ የሚጠጣው የጣሊያን ቀይ ወይን የሚፈልግ ገዢ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ስሞች አንዱን ለመምረጥ ይቸገራል፤ አንዱ ከሰሜን ምዕራቡ የፒየሞንቴ ክልል የሚመጣው ባሮሎ፣ ሌላው የቶስካናው ብሩኔሎ ዲ ሞንታልቺኖ ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1980 የአገሪቱን ከፍተኛ የወይን ጠጅ ደረጃ አግኝተዋል፤ ሁለቱም ያለ ምንም ቅልቅል ከአንድ የወይን ዝርያ ብቻ ይሠራሉ፤ የመነሻ ዋጋቸውም የሚራራቅ አይደለም። ምርጫውን የሚወስኑት እንግዲህ ገዢው ስንት ዓመት ሊታገሥ እንደሚችልና ጠርሙሱን የት እንደሚያኖረው ነው።

ባሮሎ የሚሠራው አልባ ከተማ አጠገብ በሚገኙት የላንጌ ኮረብታዎች ላይ ከሚበቅለው ኔቢዮሎ ከተባለው ዝርያ ነው። ኔቢዮሎ ዘግይቶ የሚበስል፣ ብዙ ጊዜም በጥቅምት ወር የሚለቀም ወይን ነው። ገና አዲስ ሳለ በብርጭቆ ቢቀዳ ከወዲያ ማዶ ያለውን ጣት እስከማሳየት የሚደርስ ስስ ቀለም ስላለው፣ ቀይ ወይን ሁሉ ጥቁር መስሎ መታየት አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ቀላል መጠጥ የቀረበለት ይመስለዋል። የመጀመሪያው ጉንጭ ግን ይህን ግምት ወዲያው ያፈርሰዋል፤ ታኒኑ፣ ማለትም ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚመጣው አፍ የሚይዝ ንጥረ ነገር፣ ድድንና ምላስን ያደርቃል፣ ኮምጣጣነቱም ስለታም ነው። ለማቆየት የሚያስችሉትም እነዚሁ ሁለት ጠባዮች ናቸው። ታኒኑ በዓመታት ውስጥ እየለዘበ ሲሄድ የጽጌረዳና የሬንጅ ሽታ የሚባለው የባሮሎ መለያ ጎልቶ ይወጣል፤ የቀለሙም ጠርዝ ወደ ሸክላ ጡብ ይዞራል። ሕጉ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 38 ወራት እንዲቆይና ከዚህም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል እንዲያሳልፍ ያስገድዳል፤ ረዘም ላለ ጊዜ ለሚቆየው፣ ሪዘርቫ ለሚባለው ደግሞ ጠቅላላው ጊዜ 62 ወራት ነው።

ባሮሎ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ስሙን የመጠቀም መብት ያላቸው 11 አካባቢዎች ሲሆኑ፣ በላ ሞራና በራሱ በባሮሎ መንደር አካባቢ ካለው ለስላሳ አፈር የሚወጣው ወይን መዓዛው ቶሎ ይከፈታል፤ ከሴራሉንጋ ዳልባና ከሞንፎርቴ ዳልባ የሚመጣው ደግሞ ጠንካራና ቁጥብ ነው። አሥር ዓመት ገደማ ለማስቀመጥ የሚያስብ ከላ ሞራ ቢገዛ፣ ሃያ ዓመት የሚያልም ደግሞ ወደ ሴራሉንጋ ቢያዘነብል የተሻለ ነው። የአምራቹ ልማድም ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንዳንድ አምራቾች ትላልቆቹን የቆዩ በርሜሎች ትተው ትናንሽ የፈረንሳይ በርሜሎችን መጠቀም ጀምረው ነበር፤ ይህም ለረጅም ጊዜ የጦፈ ክርክር አስነሥቷል። ዛሬ ልዩነቱ ጠብቧል፤ ለረጅም ቆይታ ግን እኔ በትልቅ በርሜል የተቀመጠውን እመርጣለሁ፤ የአዲስ እንጨት ጣዕም የኔቢዮሎን መዓዛ ሲሸፍነው ደስ አይልም።

ብሩኔሎ በሲዬና ግዛት ካለችው የሞንታልቺኖ ኮረብታ ሳንጆቬዜ ከተባለው ዝርያ ይሠራል። ዝናውም ከቢዮንዲ ሳንቲ ቤተሰብ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. የ1888 ምርታቸው የዚህ ወይን መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። አካባቢው ከላንጌ ይልቅ ሞቃትና ደረቅ ነው፤ በስተደቡብ ያለው የአሚያታ ተራራም ከዝናብና ከበረዶ ይከልለዋል። በዚህም የተነሣ የብሩኔሎ ታኒን ጠንካራ ቢሆንም የበሰለ ቼሪ ጣዕም ስለሚያለብሰው፣ ገና በወጣትነቱ የተከፈተ ጠርሙስ እንደ ባሮሎ ጠጪውን አይቀጣም። ገበያ ላይ የሚውለው ወይኑ ከተለቀመ በአምስተኛው ዓመት፣ በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ቀን ሲሆን፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት በበርሜል መቆየት አለበት፤ ሪዘርቫው አንድ ዓመት ይጨምራል። ከኮረብታው ሰሜናዊ ክፍል የሚመጣው ረቂቅ፣ ከደቡቡ የሚመጣው ሙሉና ሞቅ ያለ ነው።

እንግዲህ ፍርዱን ልስጥ። ቀዝቃዛ ማስቀመጫ ያለውና ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ጠርሙሱን ሳይነካ መቆየት የሚችል ሰው ባሮሎን ይግዛ፤ ጥሩ ባሮሎ በዚያ ዕድሜው የሚሰጠውን መዓዛ ብሩኔሎ አይሰጥም ባይ ነኝ። አንድ ጠርሙስ ብቻ ለሚገዛ፣ ወይም በአምስትና በስምንት ዓመት ውስጥ መክፈቱ እንደማይቀር ለሚያውቅ፣ ብሩኔሎ ያዋጣል። ለምርት ዘመን ከሆነ እ.ኤ.አ. 2010 እና 2016 በሁለቱም አካባቢዎች የሚታመኑ ናቸው፤ በሞንታልቺኖ ግን ዝናባማው እ.ኤ.አ. 2014 ለማቆየት አይመከርም።

ማስቀመጫው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ፣ ጨለማና የማይለዋወጥ ሙቀት ያለው መሆን አለበት፤ ቡሹ እንዳይደርቅም ጠርሙሱ ይጋደማል። ቀን ሞቆ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ክፍል ወይም ከማቀዝቀዣው በላይ ያለው የማዕድ ቤት መደርደሪያ ውድ ወይን ማበላሻ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ብቻ ያለው ሰው ትንሽ የወይን ማቀዝቀዣ ይግዛ፤ ካልሆነም የሁለቱን ታናናሾች፣ ላንጌ ኔቢዮሎን ወይም ሮሶ ዲ ሞንታልቺኖን፣ በቅናሽ ዋጋ ገዝቶ በጊዜ ይጠጣቸው።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልጨምር። ታኒን ከሥጋና ከስብ ጋር ይለዝባል፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ ግን የታኒኑንም የአልኮሉንም ኃይል ያጎላዋል። የአልባ ሰዎች በቢላ የተከተፈ ጥሬ የጥጃ ሥጋ በወይራ ዘይትና በጨው ይበላሉ፤ ጥሬ ሥጋ ለለመደ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሚጥሚጣው ሲቀር ነው ታዲያ።

የቆየ ጠርሙስ ሲከፈት ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርጎ ማቆም ያስፈልጋል፤ አተላው ከሥር ይዘቅጣል። ከዚያም በብርሃን ፊት ቀስ ብሎ ወደ ሰፊ ማሰሮ ይገለበጣል፤ አተላው የጠርሙሱ አንገት ላይ ሲደርስ መቅዳቱ ይቁም። ወጣት ባሮሎ ሁለት ሦስት ሰዓት አየር ቢያገኝ ይሻለዋል፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው ግን ብዙ አየር ስለማይችል እንደተቀዳ መጠጣት አለበት።