ጅማ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ፦ ለህክምናው 4 ኮከብ ለሂሳቡ 1

ስሙን ትቼዋለሁ፣ ሀኪሞቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሐምሌ ላይ አባባ ከሊሙ ሊጠይቁን መጥተው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጎናቸውን ይዞ አላስቀምጥ አላስተኛ አላቸው፣ ባጃጅ በስንት ልመና ተገኝቶ ቅርብ ያለው ጋ ይዘናቸው ሮጥን። ዶክተሩ ወዲያው መጣ፣ ማስታገሻ ተወጉ፣ ግሉኮስ ተሰካላቸው፣ በአልትራሳውንድ ታይቶ የኩላሊት ጠጠር ነው ተባለ፣ ሲነጋማ ቡና የለም እንዴ ማለት ጀመሩ።

ጣጣው ካሸሯ ጋ ነው። ስንገባ 2,000 ብር ዲፖዚት አስያዙን፣ ቀሪው ስንት እንደሚሆን የነገረን የለም፣ ጠዋት 7,350 ሆኖ ጠበቀኝ። ዝርዝሩን አሳዪኝ ስላት ፊቷን ብታጠቁርም ሰጠችኝ፣ ጓንት 6 ጊዜ ተቆጥሯል፣ እኔው ከፋርማሲ ገዝቼ ያመጣሁት ሲሪንጅ ሁላ ገብቷል፣ ተጨቃጭቄ 610 ብር አስቀነስኩ። ዝም ብዬ ብከፍልስ? ለታክሲ እንኳ መንግስት ታሪፍ ያወጣል፣ የግል ክሊኒክ ግን ዋጋውን ራሱ ነው የሚቆርጠው፣ እሺ ይቁረጥ፣ ግድግዳ ላይ ቢለጥፈው ምን ይጎዳዋል?

የሚያናድደው የአባባ የጤና መድህን ደብተር ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ሊሙ ኮሳ እኮ በ2003 ዓ.ም መድህኑ በሙከራ ሲጀመር ከነበሩት 13 ወረዳዎች አንዱ ነው፣ አባባም መዋጮ አሳልፈው አያውቁም፣ ግን ደብተሩ የሚሰራው ውል ያለው ጤና ጣቢያ ነው፣ ከዛ በሪፈር የመንግስት ሆስፒታል፣ ግል ጋ ተራ ወረቀት ነው። (ጤና ጣቢያም ቢሆን መድሃኒት የለም ከውጭ ግዙ መባሉ አይቀርም፣ እሱን ሌላ ቀን።)

ቡና ያልተሸጠበት ወር ስለሆነ ያለኝን አራግፌ 2,300 ጎደለኝ። መታወቂያህን አስቀምጥ ዋስ ጥራ ተባልኩ፣ የእህቴ ባል መጥቶ ፈረመ፣ 15 ቀን ተሰጠኝ። በ4ኛው ቀን ለኔ ሳይደውሉ እሱ ሱቅ ድረስ ሰው ልከው ደንበኛ ፊት እዳህን ክፈል አሉት፣ ሰውየው እስካሁን እኔን ሲያይ ዝም ይላል።

ተበድሬ በ9ኛው ቀን ከፈልኩ። ካሸሯ መታወቂያዬን ልትሰጠኝ መሳቢያውን ስትስብ በላስቲክ የታሰረ አንድ እፍኝ የሰው መታወቂያ አየሁ፣ የኔን ፈልጋ ለማግኘት ራሱ ቆየች።