የአራት ቀን የጣና ጉዞ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

ዛሬ ጥቅምት 17 ነው። እስጢፋኖስ ነው። እኔና አባቴ ዛሬ ደጋ ደሴት ላይ መዋል ነበረብን። ቤት ነን። የአባቴ የስለት ጥላ በላስቲክ እንደተጠቀለለ በሩ ጥግ ቆሟል። አባቴ ተኝተዋል፤ ወይም የተኙ መስለዋል። እኔ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይሄን እጽፋለሁ።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። ባሕር ዳር የምትኖሩ ግን ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ። ጣና ዳር ስትሄዱ «ጀልባ፣ ዘጌ፣ ገዳም» እያሉ የሚከተሏችሁን ልጆች ማለቴ አይደለም። እነሱ ፊት ለፊት ዋጋ ይነግሯችኋል፣ ትከራከራላችሁ፣ ትስማማላችሁ፣ ያልቃል። እኔ የምለው ቢሮ ያላቸውን ነው። አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉትን፣ ግድግዳቸው ላይ የፈረንጅ ፎቶ የደረደሩትን፣ «ፓኬጅ አለን» የሚሉትን።

አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። አምና ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ሰው በድምፁ ብቻ ነበር የሚለዩት። ያኔ ለደጋ እስጢፋኖስ ተሳሉ። ሞራው ተገፎ ማየት ሲጀምሩ ጥላውን ገዙ። «በዓሉ ቀን ራሴ ይዤው እገባለሁ። የነዘርዓ ያዕቆብን፣ የነፋሲልን አፅም በዚህ ዓይኔ አያለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ላስቲኩን እየፈቱ አቧራ ይጠርጉለት ነበር።

ደጋ ብቻ ቢሆን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ጉዞውን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ። ለብዙ ዓመት የትም አልወሰድኳቸውም፤ ይካስልኝ ብዬ ነው። የቢሮው ልጅ ደግሞ አሳምሮ ደረደረልኝ። 15 ጠዋት ከባሕር ዳር መነሳት፣ በዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ በእግር መሄድ፣ ድንኳን ተክሎ ማደር። 16 ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አስቀድሶ ከሰዓት በኋላ ወደ ደቅ ደሴት መሻገር፣ እዚያ ማደር። 17 ደጋ። 18 በጣና ቂርቆስ በኩል አድርጎ መመለስ። አባቴን ቁጭ አድርጎ አወራቸው። ናርጋ ሥላሴን እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዴት እንዳሠሯት ተረከላቸው። ታቦተ ጽዮን ጣና ቂርቆስ ላይ ለብዙ መቶ ዓመት ቆየች ስለሚባለውም ነገራቸው። አባቴ ሲወጡ «ይሄ ልጅ አንብቧል» አሉኝ። እኔም ያመንኩት በዚህ ነው። ታሪክ የሚያውቅ ሰው አይዋሽም የሚል ነገር ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ዋጋው ለሁለት ሰው 36,000 ብር ነበር። የግል ጀልባ፣ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ፣ የገዳማቱ መግቢያ፣ ሁሉም ውስጡ ነው ተባልኩ። አልተከራከርኩም። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ስንቱ ባለጀልባ ቆሞ እንደሚውል አያለሁ፤ አንጀቴ ይበላኛል። ግማሹን ቀብድ ሰጠሁ። በ14 ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። «ወንድሜ፣ ቤንዚን ጠፍቷል፣ ከጎን ነው የምንገዛው። ቀሪውን አሁን ካልላክልን ጀልባውን ሌላ ሰው ይወስደዋል።» ላክሁት። ሂሳቡ በማላውቃት ሴት ስም ነበር። አልጠየቅሁም። ደረሰኙን ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። ከፍቼ ማኅተሙን አየሁና ዘጋሁት።

የእኔ ሥራ ሂሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደረሰኝ አገላብጣለሁ። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች እመልሳለሁ። የራሴን አላነበብኩም።

ሌላም አለ። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። ጣና ጠዋት ተኝቶ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ እንደሚናወጥ እዚህ ከተማ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ሰው በማለዳ ነው የሚነሳው። እነሱ ግን ከዘጌ ወደ ደቅ የምንሻገረውን ከሰዓት በኋላ አድርገው ጻፉልኝ። ረጅሙንና ክፍቱን ውሃ! በእውነት ሊያሻግሩን ያሰቡ ሰዎች እንዲህ ብለው አይጽፉም ነበር። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድም ጊዜ አልታየኝም።

በ15 ሁለት ሰዓት ላይ ተባልን፣ አምስት ሰዓት ላይ ተነሳን። ላይፍ ጃኬት ሁለት ነበር፤ የአንዱ መቆለፊያ ተሰብሯል። አብሳይ የሚባል ሰው አልመጣም። አስጎብኚው ወጣት ልጅ ነው፤ ትከሻው ላይ አንድ ቦርሳ ይዟል። ማታ እራት ብሎ ያወጣው እንቁላል በዳቦ ነው። አባቴ ጽጌን ይጾማሉ። ይሄን ለቢሮው ሁለት ጊዜ ነግሬያለሁ፤ «ሽሮ በሽ ነው» ብለውኝ ነበር። አባቴ ደረቅ ዳቦውን በሻይ በሉ። የድንኳኑ ዚፕ አይዘጋም። ስሊፒንግ ባጉ ከነጠላ አይወፍርም። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለከንቱ አይደለም፤ ሌሊት ከሐይቁ የሚነሳው ብርድ አጥንት ይሰብራል። የእኔንም ደረብኩላቸውና ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ጠዋት «አልበረደኝም» አሉኝ። ከንፈራቸው ግን ጠቁሯል።

ይሁን አልኩ። ደጋ እስክንደርስ ይሁን።

የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ግን ድካሙን ሁሉ አስረሳኝ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል አንድ በአንድ ሲያዩ ነበር። ጊዮርጊስን ያያሉ፣ ፈቀቅ ይላሉ፣ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ደግሞ ያያሉ። «ቀይዋ እንዴት ደምቃለች!» አሉኝ። ሞራው እስኪገፈፍ ሁለት ዓመት ቀይ ቀለም አላዩም ነበር።

ከዚያ ወደ ውሃው ወረድን። ስድስት ሰዓት ገደማ ነው።

ጀልባው ቆሟል። ውስጡ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው ተቀምጧል፤ ለኪዳነ ምሕረት የመጡ ምዕመናን ናቸው። የእኛ ሻንጣ ጀልባው አፍንጫ ላይ ተጭኗል። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ታስሯል። እኛ ቅዳሴ ላይ ሳለን ነው ያፈረሱት። አስጎብኚውን «እነዚህ ሰዎችም ደቅ ነው የሚሄዱት?» አልኩት። አልመለሰልኝም። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ፣ እንደገና አሰረ። ከጫማው ቀና አላለም።

ባለጀልባው ነው የመለሰልኝ። «የምን ደቅ?» አለ።

«ዛሬ ደቅ፣ ነገ ደጋ ነን እኮ» አልኩት።

«ወንድሜ፣ እኔ የተከፈለኝ ለዘጌ ደርሶ መልስ ነው። ትናንት ላደርሳችሁ፣ ዛሬ ልመልሳችሁ። ሌላ አልተነገረኝም።»

የነዳጁን ጀሪካን አንስቶ አናወጠው። ታች ብቻ ተንቦጫቦጨ። «ብትጨምሩልኝም አልደርስም፤ ይቺ መመለሻዬ ናት» አለ። ሰውየው አልዋሸም። ፊቱን አይቼዋለሁ፤ እሱም ደንግጧል።

ቢሮው ደወልኩ። አባቴም ይስሙ ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ምነው ባላደረግሁት።

«ወንድሜ፣ ከሰዓት ማዕበል አለ፣ አባባ ደግሞ ሽማግሌ ናቸው። ለሳቸው ደኅንነት ብለን ነው» አለኝ። ያ ምንትዋብን የተረከው ልጅ ነው። በዚያ ሰዓት ውሃው ላይ ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር።

«እሺ፣ እዚሁ እናድርና ነገ በሌሊት እንሂድ» አልኩት።

«ነገ ጀልባው ሌላ ሥራ አለው።»

«ብሬስ?»

«ስትመለስ እንነጋገራለን።»

ከዚያ ስልኩን የዘጋው መስሎት አስቀመጠው። አልተዘጋም። አጠገቡ ላለ ሰው ሲያወራ ተሰማ። «ሽማግሌ ጎትቶ ደሴት ካልሄድኩ ይላል» አለ። ሳቁ። ሁለት ሰው ነው የሳቀው። አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም፤ እኔ ግን ስልኩን መዝጋት አቃተኝ። እጄ ላይ እንደያዝኩት ቆምኩ። ጀልባው ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሰሙ። አባቴም ሰሙ።

አባቴ ምንም አላሉም። ጥላቸውን ከድንጋዩ ላይ አነሱ። ላስቲኩ ላይ የገባውን አፈር በእጃቸው ጠረጉ። ጀልባው ላይ ወጡ። አንዲት እናት ተነስተው ቦታ ለቀቁላቸው። «አባቴ፣ ጥላው ለማን ነው?» አሏቸው።

«ለእስጢፋኖስ ነበር» አሉ አባቴ።

እስከ ባሕር ዳር ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም። አስጎብኚው ከኋላ ከሞተሩ ጋር ተቀመጠ። ስንወርድ ተሰወረ።

ዛሬ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቼ ሌላ ጀልባ ፈልጌያለሁ። ነዳጅ ያለው አንድ ብቻ አገኘሁ። የጠየቀኝን አልይዝም፤ ያለኝን ለእነሱ ከፍዬ ጨርሻለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮው ተከፈተ። ልጁ የለም፣ «ፊልድ ወጥቷል» ተባልኩ። የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን እየነካካች ነው ያናገረችኝ። ስሜን አልጠየቀችኝም። «ደረሰኝህን አሳየኝ» አለች። አሳየኋት። በጣቷ አጉልታ መልሳ ሰጠችኝ።

«የጀልባ አገልግሎት፣ ዘጌ ደርሶ መልስ። የካምፕ ዕቃ ኪራይ።» ደቅ የሚል የለም። ደጋ የሚል የለም። አራት ቀን የሚል የለም። ያ የጉዞ ዕቅድ የተጻፈበት ወረቀት ማኅተምም ፊርማም የለውም። ይሄን ሁሉ ያወቅሁት እዚያ ቆሜ ነው።

«አባቴ ስለት ነበረባቸው፤ በዓሉ ዛሬ ነው» አልኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም።

«በጀልባ ካልሆነ አይሰማም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ መሳቢያ ከፍታ 3,000 ብር ቆጠረች። «ለሽማግሌው ብለን ነው እንጂ የሚመለስ ነገር የለም።» ብሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ። ከ36,000 ላይ 3,000! የአባቴን ስለት ሰምታ መልሷ ይሄ ነው።

ነገ ማመልከቻ ጽፌ አቤት እላለሁ። ደረሰኙንም፣ የተላከበትን የባንክ ወረቀትም፣ የጉዞ ዕቅዱንም አያይዣለሁ። ውጤት ካለ እመለስበታለሁ።

ልትሄዱ ያሰባችሁ፦ የምታድሩባቸው ደሴቶች ስም በሙሉ ማኅተም ባለው ደረሰኝ ላይ ካልተጻፈ ብር አትስጡ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለጀልባውን ራሱን አግኙትና «የት የት ነው የምታደርሰን? ስንት ቀን?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ይቺን አንዲት ጥያቄ በ15 ጠዋት ብጠይቀው ኖሮ እዚያው ይነግረኝ ነበር። ቀሪውን ክፍያ ተመልሳችሁ ስትወርዱ ስጡ። ከሰዓት በኋላ ሰፊውን ውሃ አሻግራችኋለሁ ከሚል ሰው ጋር ደግሞ ጭራሽ አትነጋገሩ።

ያ ባለጀልባ ትናንት ስንወርድ አባቴን እጃቸውን ይዞ አውርዷቸዋል። «አባባ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። ለእኔ ስልኩን ሰጠኝ። ነዳጁን ከቻልኩ ለሌላው በዓል በራሱ እንደሚወስደን፣ ብሩንም ደጋ ደርሰን እንደሚቀበል ነገረኝ። የእስጢፋኖስ ሌላው በዓል ጥር 1 ነው።

አሁን ይሄን እየጻፍኩ አባቴ ከአልጋቸው ላይ ጠሩኝ። አልተኙም ነበር። «ጥር 1 ስንት ቀን ቀረው?» አሉኝ። ቆጠርኩላቸው። 74 ቀን።