በአክስቴ የጤና መድን መታወቂያ፦ አዲስ አበባ ላይ ያገኘነው ሕክምና

እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች አገር ቤት ስንገባ የታመመ ዘመድ ካለን ቀጥ ብለን የምንወስደው ግል ሆስፒታል ነው። ካርዱን እናወጣለን፣ የታዘዘውን ምርመራ ሁሉ እናስነሳለን፣ መድኃኒቱን እንገዛለን፣ ከዚያ እንመለሳለን። መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን ዘመዳችን እዚያ ሆስፒታል የሚመለስበት አቅም የለውም። ዘንድሮ ከዋሽንግተን ስሄድ ይህን ላለማድረግ ወስኜ ነበር። አክስቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት። እሷ እኔ በሌለሁበት በምትታከምበት በር ብቻ አብሬያት ዞርኩ። እናት፣ አባት፣ አክስት አዲስ አበባ ያለው ሰው ይጠቅመዋል ብዬ ያየሁትን እነሆ።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ አዲስ አበባ የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው። የወር ደሞዝተኛ ያልሆነ ቤተሰብ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል። መክፈል የማይችለውን ደግሞ የሰፈሩ ሰው ራሱ ለይቶ ያቀርበዋል፣ መንግሥት ይከፍልለታል። አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፣ ከአቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ይሄዳል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ግን ከኪሱ ይከፍላል። ብዙ ሰው የሚጣላው እዚህ ላይ ስለሆነ ለቤተሰቦቻችሁ አስረግጣችሁ ንገሯቸው።

ከሁሉ በፊት ማመስገን የምፈልገው ቤት ለቤት የምትመጣዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። ገጠር ላይ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሥራ ወደ ከተማ ሲመጣ የተመደቡት ነርሶች ናቸው፤ የእኛ ሰፈሯም ነርስ ናት፣ ሁሉም ሲስተር ይላታል። አንድ ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ መጣች። የአክስቴን ግፊት ለካች፣ መዝገቧ ላይ ጻፈች። ከዚያ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና ካልሲዋን አውልቃ በእግር ጣቶቿ መሀል አንድ በአንድ እየከፈተች አየች።

«እማማ፣ ይቺ ስንጥቅ ባለፈው አልነበረችም።»

«ጫማው ነው ልጄ፣ ይጠበኛል።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ይቀየራል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቢቆስል ላይሰማው ይችላል፤ እኔ ብመጣም ባልመጣም ማታ ማታ ልጆቹ ይዩልዎት።»

ወደ እኔ ዞር ብላ በባትሪ እንዴት እንደሚታይ አሳየችኝ። ስኳር እግር የሚያስቆርጠው እንዲህ ካለች ችላ ከተባለች ስንጥቅ ተነስቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እንክብካቤ እሰጣለሁ፤ ይህን ያህል በጥንቃቄ የሚያይ ባለሙያ ብዙ ጊዜ አላጋጠመኝም። ሲስተር የአክስቴን ብቻ ሳይሆን የግቢውን ሰው ሁሉ በስም ታውቃለች፦ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የማን ልጅ ክትባት እንደቀረበት፣ ማን ሲያስል እንደከረመ።

ጤና ጣቢያው ሰልፍ አለው፣ ግን ሰልፉ ይሄዳል። ካርድ ክፍል የመድን አባላት ለብቻ ይስተናገዳሉ፤ መታወቂያዋ የዓመቱ እድሳት እንዳለበት ታይቶ ካርዷ ወጣ። ጤና መኮንኑ ጊዜ ሰጥቶ አናገራት። በጾም የተሰጠው ደም ውጤት በዚያው ጠዋት ደረሰ። እስከዚህ ድረስ ምንም ቅር የሚል ነገር አላገኘሁም።

ቅር ያለኝ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። የስኳር ክኒኑ ሜትፎርሚን ተገኘ፤ ኢንሱሊኑ «የለም» ተባለ። ማዘዣው ላይ እንደሌለ ማህተም ተደረገበትና ወጣን። ከአንድ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ስንል ዋልን፤ በመጨረሻ ከግል በኪሴ ገዛሁ። ፋርማሲስቱ ላይ አልፈርድም፤ አብዛኛው መድኃኒት በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ ነው፣ መደርደሪያውም የሚሞላው በእሱ ፈቃድ አይደለም። ግን ኢንሱሊን እንደ ራስ ምታት ክኒን ነገ ይደርሳል የሚባል ነገር አይደለም። እኔ ባልኖር አክስቴ ምን ታደርግ ነበር ብዬ ስጠይቃት «እስኪመጣ እያሳነስኩ እወጋለሁ» አለችኝ። ጎረቤቶቿም እንደዚያው ነው የሚያደርጉት። መዋጮውን አስቀድሞ የተቀበለ መድን ቢያንስ የዕድሜ ልክ መድኃኒቶችን፣ የስኳሩን፣ የግፊቱን፣ የሚጥል በሽታውን፣ እንዳይቋረጡ አድርጎ ለብቻ መያዝ አለበት። ከዚህ የሚቀድም ማሻሻያ አይታየኝም።

የዓይኗ ጉዳይ ግን አስደሰተኝ። ስኳር ዓይን ስለሚጎዳ ሪፈር ተጽፎልን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሄድን። የዓይን ክፍሉ ስመ ጥር ስለሆነ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ሞልቶታል፣ ስለዚህ በጠዋት መድረስ ግድ ነው። ጠብታ አድርገው ብሌኗ እስኪከፈት አስጠበቁን፣ ከዚያ ሐኪሟ ውስጡን አይታ ቀጣይ ቀጠሮ ሰጠቻት። ሪፈሩንና የመድን መታወቂያውን ከማሳየት በቀር አምስት ሳንቲም አልተጠየቅንም። ያን ቀን አክስቴ ስትወጣ ብርሃኑ እያስቸገራት እንኳ «በራሴ መታወቂያ ታከምኩ» እያለች ነበር። በእኔ ዶላር ግል ሆስፒታል ስወስዳት አንገቷን ደፍታ ነበር የምትቀመጠው።

አሁን ወደከበደኝ ነገር ልምጣ። ግቢው ውስጥ አንዲት ልብስ እያጠበች የምትተዳደር ተከራይ አለች፣ ከገጠር ከመጣች ቆይታለች። ሲስተር ልጇን ታውቀዋለች፣ ክትባቱንም አስጨርሳዋለች፤ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት ለማንም ነፃ ስለሆኑ እዚያ ላይ አልተቸገረችም። ዘንድሮ ግን ኩላሊቷን ታማ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ለካርዱም፣ ለላቦራቶሪውም፣ ለመድኃኒቱም ክፈዪ ተባለች። መድን የላትም። ለምን? የወረዳው የነዋሪነት መታወቂያ የላትም። መታወቂያ ለማውጣት ከመጣችበት ቀበሌ መሸኛ ማምጣት አለባት፤ ለመሸኛው የትራንስፖርት ገንዘብና ሥራ ትታ የምትሄድባቸው ቀናት ያስፈልጋሉ፣ ቀን ካልሠራች ደግሞ ልጇ አይበላም። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው ለድሆች ድጋፍ የሚሰጠው የከተማ ሴፍቲኔት ሲመጣም በነዋሪነት ስላልተመዘገበች ስሟ አልተነሳም። መንግሥት መድኑን የሚከፍልለት ሰው «ከደሀ ደሀ» ተብሎ ሲለይም ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ሰፈሩ የሚያውቀው ነባር ሰው ነው። እሷን የሚያውቃት ሰው አለ፤ ሲስተር በየጊዜው በሯን ታንኳኳለች። የሲስተር መዝገብ ግን ወረዳው ዘንድ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም።

ይህ የአገራችን ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 የሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ጤና መድን፣ እድሳት እንደገና ሲጀመር ሚሊዮኖች ከዝርዝር ወጥተዋል፤ አብዛኞቹ የወጡት መብታቸው አልቆ ሳይሆን ወረቀት ስላላሟሉ ወይም ደብዳቤው ስላልደረሳቸው ነው። እዚያ ያጣነው ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰውየዋ አለች! ታዲያ አንዲት እናት በዚህ ግቢ ትኖራለች፣ አቅም የላትም ብላ የምትመሰክርበት ሥልጣን ለምን አይሰጣትም? ብሔራዊ መታወቂያውን ፋይዳን ለማውጣት ሰነድ የሌለው ሰው በሰው ምስክር መመዝገብ ከቻለ፣ ለጤና መድንም እንዲሁ ማድረግ የሚከብድ አይመስለኝም።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ የእድሳቱ ወቅት መቼ እንደሆነ ከወረዳው ጠይቁና መዋጮውን ጊዜው ሳያልፍ ላኩ፤ ካለፈ ዘመዳችሁ ዓመቱን ሙሉ ከኪሱ ሊታከም ነው። ኢንሱሊን በሻንጣ አትያዙ፣ መንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል፣ ዓይነቱም ከታዘዘው ጋር ላይገጥም ይችላል። ይልቅ የስኳር መለኪያና ደም የሚነካበት በቂ ስትሪፕ ውሰዱ፤ ስትሪፑ ከመለኪያው ሞዴል ጋር መስማማቱን አረጋግጡ፣ አክስቴ ጤና ጣቢያ ስትጠይቅ አላገኘችምና። ጠበብ የማይል፣ ስፌቱ ወደ ውስጥ ያልወጣ ጫማ ጨምሩበት።

ተከራይዋን በተመለከተ አከራዩ፣ አክስቴና ሲስተር በጋራ ፈርመው ለወረዳው ማመልከቻ አስገብተዋል። ይዞት የሄደው የአክስቴ ልጅ ነው፤ «ስብሰባ ላይ ይታያል» ተብሎ ተመልሷል። መሸኛውን የምታመጣበትን የትራንስፖርት ገንዘብ እኔ ሰጥቻለሁ፣ እሷ ስትሄድ ልጇን አክስቴ ትይዝላታለች።